በወልድያና በሀብሩ ላሞችን ስለ ማዳቀል፤ ጥጃው ይቆጠር

የቀንድ ከብት ለገበሬ ምን እንደ ሆነ ለሹማምንትና ለባለ ከብቶች ማስረዳት አያሻም። በሀብሩ ቆላ እርሻው የሚታረሰው በበሬ ጉልበት ነው፤ የሰባውም ሰንጋ በመርሳና በወልድያ ገበያ ለባለቤቱ ገንዘብ ያመጣል። ይህ ሁሉ ግን የሚገኘው ላሚቱ በጊዜዋ አርግዛ ስትወልድ ነው። ስለዚህ ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ የማዳቀል ሥራ በወረዳው ሲታዘዝ ሹሙ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ስንት ላም አረገዘች፣ ስንትስ ጥጃ ተወለደ የሚለውን ነው።

ዘዴው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1967 በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ሠርቶበታል፤ በ1984ም ብሔራዊው የማዳቀያ ማዕከል በቃሊቲ ተቋቋመ። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ብዙ ላሞች በመድኃኒት ኀይል በአንድ ሳምንት ውስጥ ኮርማ እንዲፈልጉ እየተደረገ በጅምላ ማዳቀል ተለመደ። ከዚህም የተነሣ የተወጉትና የተዳቀሉት ላሞች ቁጥር በመዝገብ በዝቶ ሲታይ ሥራው የተፈጸመ ይመስላል። ነገር ግን ያላረገዘች ላም በመዝገብ ብትጻፍ ወተቷ የማይታይ የሰማይ ላም ናት።

ፕሮስታግላንዲን የሚባለው መድኃኒት የሚሠራው የድራት ዙሯን በጀመረች ላም ላይ ብቻ ነው። በረኀብ የከሳች ላም ዕንቁላል ማፍራት ስለምታቋርጥ መርፌው አይጠቅማትም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ያረገዘችውን ላም ሳይመረምሩ ቢወጓት ጽንሷን የሚያስወርዳት መሆኑ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ወሎ ጦርነት በደረሰ ጊዜ ከብቱ አልቆበት አንዲት ላም የቀረችው ገበሬ ቢኖር፣ በቸኮለ እጅ ጽንሷን ቢያጣ ማን ይክሰዋል? እንግዲህ ምርመራ ከመርፌ ይቅደም።

ጊዜም ይመረጥ። ላም የምታረግዘው ዘጠኝ ወር ከጥቂት ቀናት ስለ ሆነ፣ በጥቅምት መጀመሪያ የተዳቀለችው በሐምሌ አጋማሽ ትወልዳለች። በጥቅምት ላሚቱ የክረምቱን ሣር በልታ ሰውነቷ ደኅና ነው፤ በሐምሌም ለጥጃዋ እናት የሚሆን ሣር ይበቅላል። በበጋ መጨረሻ አጥንቷ ወጥቶ ሳለ ለሪፖርት ሲባል ወደ ማዳቀያ ሥፍራ መንዳት ግን ገበሬውንም መድኃኒቱንም ማክሰር ነው።

ደግሞም የአገር ላም ድራት አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት ይሆናል። ጠዋት የታየባት ማታ፣ ማታ የታየባት በማግሥቱ ጠዋት እንድትዳቀል ደንቡ ያዛል። ባለሙያው ዘግይቶ ቢደርስ ሌላ 21 ቀን ያህል መጠበቅ ግድ ነው። የኮርማውም ዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ስለሚጠበቅ ፈሳሹ ከጎደለ ይበላሻል። እንግዲህ ለባለሙያው መጓጓዣ መስጠትና ፈሳሹ እንዳይቋረጥ መጠበቅ የሹሙ ድርሻ ነው።

የዘሩም ምርጫ ለባለቤቱ ይተው። ረጅም ቀንድ ያለው የራያ ከብት የቆላውን ሙቀትና የመኖውን ጥበት የለመደ ነው። ለሥጋና ለጥማድ የሚያረባ ሰው ለወተት የተመረጠ የውጭ ኮርማ ዘር ሳይጠየቅ አይሰጠው።

በመጨረሻም ከተዳቀሉት ላሞች እያንዳንዷ ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ በእጅ ትመርመር፤ ውጤቱም ከባለቤቱ ስም ጋር ይመዝገብ። በሀብሩ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ በመርሳም የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርት ክፍል ቅርብ ስለ ሆኑ በዚህ ቢረዱ መልካም ነው። እንዲህ ሲቆጠር ቁጥሩ ያንሳል ብሎ የሚፈራ ሹም ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከ100 ላሞች 30 ብቻ አረገዙ ብሎ በእውነት የጻፈ ሹም የቀሩት 70 ለምን እንዳላረገዙ ይመረምራል፤ 100 ተዳቀሉ ብሎ የዘጋ ግን የሚያርመው ነገር አያገኝም። የበላይ አለቆችም እውነተኛውን ትንሽ ቁጥር ያከበሩ እንደ ሆነ፣ በሚመጣው ክረምት በገበሬው ጋጣ ጥጃ ይገኛል።