እጅ ሲቀድም

የሱዳኑ ጦርነት ሳይመጣ ካርቱም አል-ጣኢፍ ስኖር፣ ከተከራየሁበት ቤት ሁለት መታጠፊያ አልፎ ከኒም ዛፍ ሥር ቡና የሚያፈሉ አንዲት የጎንደር ሴት ነበሩ። የሰፈሩ ሰው «ሐበሺያ» ይላቸዋል፤ እኛ እትዬ። ቡናቸውን እንደ አገሩ ልማድ በዝንጅብል ነበር የሚያፈሉት። መጀመሪያ ሰሞን አኩርፌ ነበር፤ በኋላ ያለ ዝንጅብል አልጠጣም አልኩ። የዛሬው ጨዋታዬ ግን ስለ ቡናቸው ሳይሆን ስለ ኪስራቸው ነው።

ኪስራ የሱዳን እንጀራ ነው። የማሽላ ሊጥ ይቦካና ዶካ በሚሉት የጋለ የብረት ምጣድ ላይ እንደ ወረቀት ሳስቶ ይጋገራል። እትዬ ዕድሜ ልካቸውን እንጀራ የጋገሩ ሰው ሆነው ሳለ ኪስራ አልሆን አላቸው። የእኛ አገር እጅ ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምሮ እያዞረ ወደ መሐል ያፈስና ዓይን ሲያወጣ አክንባሎውን ይደፋል። የኪስራ እጅ ሊጡን አንድ ቦታ ጠብ አድርጎ፣ በዘንባባ ቁራጭ እየጠረገ በቅጽበት ይዘረጋዋል። አክንባሎ የለ፣ ዓይን የለ። የእትዬ ዓረብኛ ከገበያ አያልፍም፤ ኪስራ ጋጋሪዋ ሱዳናዊት ጎረቤታቸው ደግሞ አማርኛ አታውቅም። ሦስት ቀን ቆመው አዩ። በአራተኛው ሞከሩና አሳረሩት። ይሄኔ ሱዳናዊቷ ስቃ ከኋላቸው ቆመች፤ አንጓቸውን ይዛ፣ እጇን በእጃቸው ላይ አድርጋ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ጠረገች። አራተኛውን ብቻቸውን ጋገሩ።

ያኔ ስቄ አልፌው ነበር። ትዝ ያለኝ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ሳነብ ነው። አጥኚዎቹ 184 ሰዎች ሰብስበው ድንጋይን በድንጋይ እየመቱ ስለት የማውጣትን ጥንታዊ ሙያ እንዲማማሩ አደረጉ። አንዳንዱ ተማሪ ሌላው ሲሠራ ቆሞ እንዲያይ ብቻ ተደረገ፤ ለአንዳንዱ መምህሩ የእጁን አያያዝ ያስተካክልለት ነበር፤ አንዳንዱ በምልክት፣ አንዳንዱ በንግግር ተማረ። ቆሞ ማየት ብቻውን እምብዛም አልጠቀመም። መማር የሰመረው ማስተማር ሲጨመርበት ነው፤ በንግግር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ። እንግዲህ ድንጋይ ሰበራው ራሱ ሰውን ወደ ንግግር ሳይገፋው አልቀረም ይላሉ። እኔ ዓይኔ የተተከለው አያያዝ በማስተካከሉ ላይ ነው። ሱዳናዊቷ ጥናቱን ሳታነብ ታውቀዋለች።

ድንጋይ ሰበራው ደግሞ የሰው አገር ወሬ አይደለም። አፋር ውስጥ ጎና ላይ፣ ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ ያጠኗቸው መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል። ኬንያ ሎመክዊ ላይ የተገኙት 3.3 ሚሊዮን ይደርሳሉ። በዚያው ዘመን ሐዳር ላይ የኖረችው ድንቅነሽ በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር፤ የአንጎሏ መጠን ግን ከ500 ሲሲ በታች ነው። የእኛ 1,350 ገደማ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ እግር ቆመ፣ እጅ ከመሬት ተላቀቀ፣ ድንጋይ ተሰበረ፤ አንጎል እያደገ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ሥጋውም፣ እሳቱም፣ ተሰባስቦ መኖሩም ድርሻ አላቸው፤ ሁሉን ለእጅ ብቻ ልስጥ አልልም። ቢሆንም ጭንቅላት አዛዥ፣ እጅ ታዛዥ ነው የሚለው ተረት ከጎና በኋላ እንዴት ሊቆም እንደሚችል አይገባኝም። ግሪኮቹ ድሮ ተከራክረውበታል። አናክሳጎራስ ሰው ብልህ የሆነው እጅ ስላለው ነው ሲል፣ አርስቶትል የለም፣ ብልህ ስለሆነ ነው እጅ የተሰጠው ብሎ ገለበጠበት። እኔ ከአናክሳጎራስ ጋር ነኝ።

ወደዚያው ወደ ካርቱም ልመለስና ሌላ እጅ ላንሣ። አርኬል የሚባል እንግሊዛዊ በ1944 እና 45 እ.ኤ.አ. በከተማው ሆስፒታል አጠገብ ቆፍሮ፣ ከ7,000 ዓመት በላይ የሆናቸው የሸክላ ስባሪዎች አገኘ። የሠሯቸው ሰዎች ገና ማረስ አልጀመሩም፤ ዓሣ አጥማጆችና አዳኞች ናቸው። ሸክላው ላይ እንደ ውኃ ሞገድ የሚተጣጠፍ መስመር አለ፤ አርኬል በአምባዛ እሾህ የተጫረ ነው ብሏል። ዓሣውን የበላው እጅ በእሾሁ ሸክላውን አስጌጠ ማለት ነው። ድስቱ ያለ ሞገዱም ሾርባ ይይዝ ነበር።

ያቺ የአባይ ዳር ሸክላ ሠሪ (ሴት ትሁን ወንድ ማን አይቶ! እኔ ግን ሴት አድርጌያታለሁ) በእኛ አገር ብትወለድ ኖሮ ምን ትባል ነበር? ባለእጅ። ቃሉ ሲፈታ ሙገሳ ይመስላል፤ ሲነገር ግን ስድብ ነበር። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ አልናቸው፤ አንጋባም፣ አብረን አንበላም አልን። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሳደብ እንዲቀጣ በአዋጅ ቢያስነግሩም፣ አዋጅ ምላስን እንጂ ሆድን አይዘጋም። እንጀራችን የሚጋገረው እሷ በሠራችው ምጣድ፣ መሬታችን የሚታረሰው እሱ በቀጠቀጠው ማረሻ ነው። እጅ መንሻ እያልን ስጦታን፣ እጅ መንሣት እያልን አክብሮትን በእጅ ስም የምንጠራ ሕዝብ፣ እጅ ያለውን ሰው ለይተን መናቃችን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ዛሬም አለቀ አልልም፤ ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ዘር የሚቆጠርባቸው ቤቶች አውቃለሁ።

በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2015 ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ አል-ጣኢፍም እንደሌላው የካርቱም ሰፈር ባዶ ሆነ። የአገሪቱ ብሔራዊ ሙዚየም ተዘረፈ። እትዬ በመተማ በኩል ገቡ፤ ዛሬ ጎንደር ናቸው። ጀበናውንም ዶካውንም ትተው ነው የወጡት።

ባለፈው ሰሞን ደወልኩላቸው። ኪስራ ይጋግራሉ አሉ፤ በተራ የእንጀራ ምጣድ ላይ፣ ዘንባባ ስለሌለ ከጀሪካን በተቆረጠ ላስቲክ እየጠረጉ። የሊጡን ውፍረት፣ የእጁን አካሄድ ንገሩኝ፣ ለጋዜጣ ልጽፈው ነው አልኳቸው። ጀመሩ፤ «እንዲህ ታደርግና...» አሉና ዝም አሉ። በስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር ምጣድ ሲፍቅ ይሰማኛል።

«እየው፣ እንዲህ ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ አይታየኝም እኮ።»

«እንግዲያው ና።»