የጣና ውኃ ፈቃድ በአንድ በር ይታይ

ይፋግ በቀድሞው ዘመን በጎንደር መንገድ ለሚመላለሰው ነጋዴ የታወቀ ገበያ ነበረ። የዚያን ጊዜ ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን ይዞ ሲጓዝ በየኬላው ቀረጥ ይከፍል ስለ ነበረ፣ ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ የኬላው ብዛት ያደክመው ነበር። ያ ኬላ ዛሬ የለም። ጠባዩ ግን በሌላ ሥራ ላይ ተርፏል፤ ይኸውም ከውኃ የኤሌክትሪክ ኃይል ለማመንጨት በሚጠየቀው ፈቃድ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ለሊቦ ከምከምና ለፎገራ ሕዝብ ግን ጣና ባሕሩ ነው፤ ዓሣው፣ ታንኳው፣ ሩዙና የከብቱ ግጦሽ ሁሉ በባሕሩ ከፍታ ይወሰናል። ከዚሁ ባሕር በሚወጣው ውኃ የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ በ1956 ዓ.ም.፣ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ደግሞ በ1993 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫም ውኃውን ከምዕራቡ ዳርቻ በመሬት ውስጥ ቦይ ይወስዳል። አገሪቱ ከነዚህ ሥራዎች ታላቅ ጥቅም ማግኘቷ የማይካድ ነው።

ይሁን እንጂ ጥቅሙ ሒሳብ አለው። በባሕር ዳር አጠገብ የተሠራው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ የባሕሩን መውጫ ከያዘ በኋላ፣ ድርቅና ለማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ተደማምረው በ1995 ዓ.ም. የጣና ከፍታ እጅግ ዝቅ አለ፤ መርከቦችም ከጉዞ ተገቱ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጎርፍ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቅልቆ እህልና ንብረት አጠፋ። ባሕሩ ሲያንስም ሲበዛም ኪሣራውን የሚቆጥረው የዳርቻው ገበሬና ነጋዴ ነው።

የፈቃዱ ሕግ እንዴት ነው? በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 197 ውኃ ለመጠቀም ፈቃድ እንዲጠየቅ ደነገገ። በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት እንዲቀርብ አዘዘ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ደግሞ ኃይል አመንጭቶ ለሚሸጥ ሰው ሌላ ፈቃድ አቆመ። መሬቱ ከክልሉ ይጠየቃል። እያንዳንዱ ሕግ በራሱ መልካም ነው። ነገር ግን አመልካቹ አንዱን ጉዳይ በየበሩ ይደግማል፤ እያንዳንዱም መሥሪያ ቤት የድርሻውን ሲመረምር የባሕሩን ጠቅላላ ሒሳብ የሚደምር አንድ እጅ አይገኝም።

ከባሕር ላይ ንፋስ ኃይል በማመንጨት ቀዳሚ የሆነችው ዴንማርክ፣ የመጀመሪያውን ጣቢያ በ1991 እ.ኤ.አ. በቪንደቢ አቁማለች። በዚያች አገር የጥናቱንም፣ የግንባታውንም፣ ኃይል የማመንጨቱንም ፈቃድ የሚሰጠው የኢነርጂው መሥሪያ ቤት ነው። የሌሎቹን መሥሪያ ቤቶች አሳብ የሚሰበስብም እርሱ ራሱ እንጂ አመልካቹ አይደለም።

ለጣናም ይህን የመሰለ ሥርዓት ይገባል። አንደኛ፣ ማመልከቻው በአንድ በር ገብቶ መልሱ በተወሰነ ቀን ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ማንኛውም አዲስ ፈቃድ ለብቻው ሳይሆን ቀድሞ ከተፈቀዱት ጋር ተደምሮ ይመዘን፤ ባሕሩ ሊወርድበት የማይገባው ዝቅተኛ ከፍታም በፈቃዱ ላይ ተጽፎ ለሕዝብ ይገለጥ። ሦስተኛ፣ የይፋግ፣ የአዲስ ዘመንና የወረታ ነጋዴና ገበሬ ፈቃዱ ከመፈረሙ በፊት ቃሉን ይስጥ።

ይህ ሥራን ያዘገያል የሚል አይጠፋም። ሥራን የሚያዘገየው ግን የዳርቻውን ሕዝብ መጠየቅ ሳይሆን አንዱን ጥያቄ በአራት ጠረጴዛ መደጋገም ነው። ገንዘቡን የሚያፈሰው ነጋዴ የሚፈራው የታወቀ ግዴታን ሳይሆን ማለቂያው የማይታወቅ ቀጠሮን ነው። የዳርቻው ገበሬም የሚፈራው መብራቱን አይደለም፤ ሳይነገረው የሚጎድለውን ባሕር ነው። የሁለቱን ሥጋት በአንድ ሕግ ማስወገድ ይቻላልና፣ የንግድ ምክር ቤቶች ጉዳዩን በጽሑፍ አዘጋጅተው ለሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች ቢያቀርቡ ለአባሎቻቸውም ለአገራቸውም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።