ኮምፒዩተሩ ቁርሱን በልቷል

“ሆድ ከአገር ይሰፋል” ይላል ያገሬ ሰው። የመድኃኒት ተመራማሪዎች ግን አጥብበው ኮምፒዩተር ውስጥ ከተውታል። አትሳቁ፤ የምሬን ነው። ኪኒን ከተዋጠ በኋላ የት እንደሚሟሟ፣ ምን ያህሉ ከአንጀት ወደ ደም እንደሚገባ በሒሳብ የሚተነብዩ ፕሮግራሞች አሉ። ትንሹን አንጀት ሰባት ቦታ ሸንሽኖ የመድኃኒቱን ጉዞ የሚከታተለው ስሌት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይሠራበታል። ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል፤ ሰው ላይ የሚደረገውንም ሙከራ ይቀንሳል። ከዚህ ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቤ ከቁርሱ ጋር ነው።

ምግብ መድኃኒቱን ምን እንደሚያደርገው ለመለካት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በምሳሌነት ያስቀመጠው ቁርስ አለ፦ በቅቤ የተጠበሰ ሁለት እንቁላል፣ ሁለት ቁራጭ ቤከን (የአሳማ ሥጋ መሆኑ ነው)፣ ቅቤ የተቀባ ሁለት ቁራጭ ዳቦ፣ የተጠበሰ ድንችና አንድ ብርጭቆ ወተት። ከ800 እስከ 1000 ካሎሪ፣ ግማሽ ያህሉ ከስብ። የኮምፒዩተሩ ትንበያም ትክክል መሆኑ የሚመሳከረው እንዲህ ያለ ገበታ ከቀረበላቸው ሰዎች ደም ጋር ነው።

እስቲ ይህን ቁርስ በሁዳዴ ለአንዲት የፎገራ እናት አቅርቡላት!

ነገሩ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 አገራችን ለወባ በመጀመሪያ ደረጃ የመረጠችው ኮአርተም፣ ሉሜፋንትሪን የሚባል ስብ ወዳድ መድኃኒት አለበት። በጤነኛ ሰዎች ላይ ሲለካ፣ ስብ ከበዛበት ምግብ ጋር የተወሰደው በባዶ ሆድ ከተወሰደው 16 እጥፍ ያህል ደም ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ባለሙያው “ከወተት ጋር ዋጪው” ይላታል። እሷ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም፤ ወተትማ እስከ ፋሲካ የለም። ወይ በባዶ ሆዷ ትውጠዋለች፣ ወይ ሰዓቱን ታሳልፋለች።

“ታማሚ እንዲገድፍ ተፈቅዷል” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ግን ምእመኗን መውቀስ መድኃኒቱን ደም ውስጥ አያስገባውም። “ሳይንስ አገር የለውም፣ ሆድ ሁሉ አንድ ነው” የሚለውም አለ። ሆዱስ አንድ ይሁን፤ ገበታው ግን ለየቅል ነው።

ደግሞም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ለታይላንዳውያን ቅቤ ሳይሆን የአኩሪ አተር ወተት አጠጣ። የጥናቱ ስሌት ታዲያ ምን አለ? ከከፍተኛው ውጤት 90 በመቶውን ለማግኘት 36 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 1.2 ግራም ስብ ይበቃል! አንድ ማንኪያ ዘይት ከዚህ ብዙ እጥፍ ስብ አለው። እንግዲህ የጾም ሽሮ መፍትሔ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው፤ ግን በግምት አይሆንም፣ ይለካ።

የፋርማሲ ትምህርት ቤቶቻችንና መድኃኒት ተቆጣጣሪዎቻችን ሆይ፣ ፕሮግራሙን መግዛት ብቻውን ዕውቀት አይደለም። ኮምፒዩተር የሚያወራው ያጎረሱትን ነው። ሽሮውን፣ ጾሙን፣ 9 ሰዓቱን አጉርሱት። ያለዚያ የሰው ቁርስ በልቶ የኛን ሆድ ሲተነብይ ይኖራል።