ከኮምፒዩተር ላይ በእጅ ስለሚነቀል የካሜራ ዐይን

በዚህ ገጽ ስለ ቤት ዕቃ አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጤና ማውሳት የቈየ ልማዳችን ነው። ዛሬ የምናነሣው ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት የባለሙያዎች ብቻ ጕዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን የእልፍኝና የመኝታ ቤት ጕዳይ መኾኑን ወደ ታች ስትወርዱ ታዩታላችሁ። ይኸውም በላፕቶፕና በኮምፒዩተር ስክሪን ራስ ላይ ተተክላ የምትገኘው፥ ከምስር ፍሬ የማትበልጠው የካሜራ ዐይን፥ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ በቀላሉ እንዲነቅላትና መልሶ እንዲተክላት ኾና ልትሠራ ይገባል የሚል ነው።

ነገሩን እንድናስብ ያደረገን በምናውቀው አንድ ቤት የደረሰው ነው። የቤቱ አባት ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ሽማግሌ ሲኾኑ አንዲት ልጃቸው በዱባይ ትሠራለች። እሑድ እሑድ ማታ ላፕቶፑ በጠረጴዛ ላይ ይከፈትና እሳቸው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አባትና ልጅም ተያይተው ይጨዋወታሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ካሜራው ተበላሸ። ድምፅ አለ፥ የልጂቱም መልክ ይታያል፤ እሷ ግን ጨለማ እንጂ አባቷን አታይም። ዕቃው ወደ ጠጋኝ ተወሰደ። ጠጋኙም መርምሮ፦ ካሜራው ከስክሪኑ ጋራ በሙጫ ተጣብቆ የተሠራ ስለ ኾነ ለብቻው አይወጣም፥ የላይኛው ክዳን እንዳለ መለወጥ አለበት ብሎ የአዲሱን ላፕቶፕ ዋጋ እኩሌታ የሚያህል ገንዘብ ጠየቀ። ሽማግሌው ይህን በሰሙ ጊዜ፦ «ዐይኑ ቢታወር ራሱን ይቈርጡታልን?» አሉ። ልጂቱም ሦስት ወር ያህል የአባቷን ድምፅ እየሰማች መልካቸውን ሳታይ ቈየች፤ ለሰማንያ ዓመት ሰው ሦስት ወር ምን ያህል እንደ ኾነ አንባቢው ያውቀዋል።

የዚህች ዐይን ታሪክ ረዥም አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ኹሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።) በ1991 ዓመት በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሊቃውንት ቡና ለመቅዳት ከክፍላቸው ወጥተው እየሄዱ ጀበናውን ባዶ ማግኘት ቢሰለቻቸው፥ አንድ ካሜራ በቡናው ማፍያ ፊት አቁመው ሥዕሉን በየኮምፒዩተራቸው ያዩ ዠመር። በ1993 ሥዕሉ በኢንተርኔት ለዓለም ኹሉ ታየ፤ በ2001 ተዘጋ። በ1994 ኮኔክቲክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ኳስ የመሰለች፥ ሥዕሏም ጥቁርና ነጭ የኾነ ካሜራ ለሕዝብ ሸጠ። በ2003 ደግሞ አፕል አይሳይት የተባለውን አወጣ፤ ይህም በስክሪን ራስ ላይ የሚቀመጥ አጭር ቧንቧ መሰል ነገር ሲኾን ፊቱን በጣት ሲያዞሩት ዐይኑ ይከደን ነበር። እነዚህ ኹሉ በገመድ የሚሰኩ፥ ሥራቸው ሲያልቅ ተነቅለው የሚቀመጡ ዕቃዎች ነበሩ። በ2005 ግን አፕል ካሜራውን በኮምፒዩተሩ ገላ ውስጥ ከተተው፤ በዓመቱም ወደ ላፕቶፑ ገባ፤ የቀሩትም ፋብሪካዎች ያንኑ መንገድ ያዙ። ዐይኗ ከባለቤቱ እጅ ወጥታ ወደ ዕቃው ሥጋ ውስጥ ገባች ማለት ነው።

ይህን ያደረጉት በክፋት ነው አንልም። ገዢው ገመድ መሸከም ጠልቶ ነበር፤ የሚጠፋ ዕቃም ቀረለት። ብቻ የተገኘውን ምቾት አይተው የታጣውን ነገር አላሰቡትም።

የታጣውም ነገር ከኹሉ ይልቅ በልጆች ላይ ታየ። በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት የሎወር ሜርየን ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ለ2,300 ያህል የኹለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላፕቶፕ ሰጥቶ ነበር። በላፕቶፖቹም ውስጥ ዕቃው ቢሰረቅ ያለበትን ለማግኘት የሚረዳ ፕሮግራም ተቀምጦ ነበር፤ ፕሮግራሙ በተከፈተ ጊዜ ካሜራው በየጊዜው ፎቶግራፍ እያነሣ ይልካል። በ2010 ዓመት የአንድ ተማሪ ቤተ ሰቦች ልጃቸው በገዛ መኝታ ቤቱ ሳለ ፎቶግራፍ እንደ ተነሣ ዐውቀው ከሰሱ። ሲመረመርም በዚህ ዐይነት የተሰበሰበው ሥዕል፥ ከካሜራውም ከስክሪኑም የተወሰደው ተደምሮ፥ ከ50,000 በላይ ኾኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት አስተዳደሩ 610,000 ዶላር ከፍሎ በስምምነት ጨረሰ። እንግዲህ ልብ አድርጉ፤ ላፕቶፑን የሰጠው ሌባ አልነበረም፥ ትምህርት ቤት ነበረ፤ ፕሮግራሙም የተገዛው ሌባን ለመያዝ ነበረ። ወላጆች ወደ ልጃቸው ክፍል ሳያንኳኩ የማይገቡበት ቤት ውስጥ ያ ዐይን ሌሊቱን በጠረጴዛ ላይ ተገልጦ ያድር ነበር።

አንዳንድ ሰው፦ ካሜራው ሲሠራ በአጠገቡ ትንሽ አምፖል ትበራ የለምን? ይል ይኾናል። በ2013 ዓመት በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ መርማሪዎች፥ ከ2008 በፊት በተሠሩ አንዳንድ የአፕል ኮምፒዩተሮች ላይ በካሜራው ውስጥ ያለውን ፕሮግራም በመለወጥ አምፖሏ ሳትበራ ካሜራው እንዲያይ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ አምፖሏንና ካሜራውን በአንድ የኤሌክትሪክ መሥመር የሚያስሩ ፋብሪካዎች አሉ፤ ይህም ደግ ነው። እኛ ግን በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ስለ ቈየን፥ በባለጕዳዩ ቤት የሚኖርና እንጀራውን የሚበላ ምስክር ሲቀርብ ዳኛው እንዴት እንደሚመለከተው አይተናል። አምፖሏ የካሜራው ቤተ ሰብ ናት። ካሜራው ተነቅሎ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሲታይ ግን ምስክር መጥራት አያስፈልግም።

ሕዝቡም መድኀኒቱን በፕላስተር ፈለገው። በ2016 የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሹም የነበሩት ጄምስ ኮሚ እሳቸውም በኮምፒዩተራቸው ካሜራ ላይ ፕላስተር እንደሚለጥፉ በሕዝብ ፊት ተናገሩ። ነገር ግን ይህም ችግር አለው። በ2020 አፕል ለደንበኞቹ ባወጣው ማስታወቂያ፥ የላፕቶፑ ክዳን ሲዘጋ በስክሪኑና በፊደል መምቻው መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለ ኾነ፥ ከ0.1 ሚሊ ሜትር የወፈረ መሸፈኛ ስክሪኑን ሊሰብር ይችላል ብሎ አስጠነቀቀ። ይህም የአንዲት ወረቀት ውፍረት ነው። ከ2018 ወዲህ ሌኖቮና ሌሎችም በአንዳንድ ላፕቶፖቻቸው ላይ በጣት የምትንሸራተት ትንሽ መዝጊያ አድርገዋል፤ ይህ ከፕላስተሩ እጅግ ይሻላል። ኾኖም መዝጊያው ዐይንን እንጂ ጆሮን አይዘጋም፤ ካሜራውም ሲበላሽ የሽማግሌውን ችግር አያቃልልም።

አኹን ወደ አሠራሩ እንምጣ። በቀላሉ የሚነቀል ስንል ኹለት ዐይነት መነቀል አለ፤ አንዱ በየቀኑ በጣት፥ አንዱም በዓመታት አንድ ጊዜ በካቻቢቴ። ለኹለተኛው ምሳሌ የሚኾነው ፍሬምወርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ2021 ጀምሮ የሚሠራው ላፕቶፕ ነው። በስክሪኑ ዙሪያ ያለው ጠርዝ በማግኔት ብቻ የተያዘ ስለ ኾነ በጥፍር ተነሥቶ ይወጣል፤ ከሥሩም ካሜራው ብቻውን ይታያል፤ ኩባንያውም ካቻቢቴውን ከዕቃው ጋራ አብሮ ይሰጣል። ከካሜራው አጠገብ ኹለት ትናንሽ ማብሪያና ማጥፊያዎች አሉ፤ አንዱ የካሜራውን፥ አንዱ የማይክሮፎኑን ኤሌክትሪክ ይቈርጣሉ። በ2024 ኩባንያው የተሻለ ካሜራ ባወጣ ጊዜ በ2021 የገዙ ሰዎች ላፕቶፑን ሳይለውጡ ዐይኑን ብቻ ለመለወጥ ቻሉ። ሽማግሌው የጠየቁት ነገር ይህ ነበር።

በጣት የሚነቀለው ግን የበለጠ ጥበብ ይጠይቃል። ካሜራው የሚፈልገው ሽቦ በብዙ ላፕቶፖች አራት ብቻ ነው፤ ኹለቱ ኤሌክትሪክ ለማምጣትና ለመመለስ፥ ኹለቱ ሥዕሉን ለመላክ። ስለዚህ በስክሪኑ ራስ ላይ ከበታቻቸው ሞላ ያላቸው ጥቂት የመዳብ መርፌዎች ቢደረጉና ግራና ቀኙን ማግኔት ቢይዘው ይበቃል። በ2023 ሌኖቮ በአንዳንድ ቲንክቡክ በተባሉ ላፕቶፖቹ ላይ እንዲህ ያለ መትከያ አድርጎ ካሜራ በላዩ እንዲሰካ አደረገ፤ ብቻ ይህ በውስጥ ባለው ላይ የተጨመረ ኹለተኛ ዐይን ኾነ እንጂ የመጀመሪያው አልወጣም። ማይክሮሶፍት በ2019 ለጉባኤ አዳራሽ ባወጣው ሰርፌስ ሀብ 2ኤስ በተባለው ትልቅ ስክሪን ላይ ካሜራው ለብቻው በማግኔትና በሶኬት የሚገጠም ነው፤ ተነቀለም ጊዜ ስክሪኑ ያለ ዐይን ይቀራል። ማይክሮፎኑ ግን በስክሪኑ ውስጥ ቀረ። እኛ ብንጠየቅ ጆሮና ዐይን በአንድነት መውጣት አለባቸው እንላለን፤ ሰው ካሜራውን ነቅሎ ብቻውን የቀረ መስሎት ሲናገር መሰማት ከመታየት የማይሻል ጕዳት ነውና።

የቀሩትም ነገሮች ጥቃቅን ቢመስሉ ችላ የሚባሉ አይደሉም። ማግኔቱ ላፕቶፑ ሲንቀሳቀስ እንዳይጥለው የጠነከረ፥ ሲነቅሉት ግን ስክሪኑን ጐትቶ እንዳያጥፈው የለዘበ መኾን አለበት። ሰው ሳያስተውል ገልብጦ ቢሰካው መርፌዎቹ ያለ ቦታቸው ተነካክተው እንዳይቃጠሉ፥ አቀማመጡ በአንድ ወገን ብቻ የሚገጥም ይኹን። መነጽሩን በወዛም ጣት እንዳንነካው ከጐኑ መያዣ ያስፈልገዋል፤ ላፕቶፑም በጐኑ ማኅደር ይኑረው፥ አለዚያ ካሜራው በኹለተኛው ሳምንት በወንበር ሥር ይገኛል። ይጠፋል የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው፤ የቤት ቍልፍም ይጠፋል። ውፍረቱን ስለሚፈሩት ደግሞ የምንለው አለ። የላፕቶፕ ክዳን ከስልክ እንኳ የቀጠነ ስለ ኾነ በውስጡ የሚገባው ካሜራ ታናሽና ደካማ ነው፤ ከውጭ የሚሰካው ግን ቅጥነት ስለማያስጨንቀው ትልቅ መነጽር ሊይዝና በመሸ ጊዜም መልክን አጥርቶ ሊያሳይ ይችላል።

ሌላም ጥቅም አለ፤ ይህን እመቤቶች በተለይ ይረዱታል። ካሜራው በስክሪኑ ራስ ላይ ስለ ተተከለ፥ የምንነጋገረውን ሰው መልክ ስናይ ዐይናችን ወደ ታች የተመለሰ መስሎ ይታየዋል። አንዲት አማት ሙሽራዪቱ በስክሪን ስታነጋግራቸው «ዐይኗን ከእኔ ትሸሻለች» ብለው እንደ ተቀየሙ ሰምተናል። ዴል በ2021 መጨረሻ ለሙከራ ባሳየው ካሜራ ይህን ለማስተካከል አስቧል፤ ትንሿ ካሜራ ያለ ገመድ የምትሠራ ስለ ኾነች በስክሪኑ መካከል፥ በሰውዬው መልክ አጠገብ ትቀመጣለች።

ፋብሪካዎችን በአንድ ቋንቋ ማናገር አስቸጋሪ ነው የሚል ካለ፥ ቋንቋው እንኳ ተገኝቷል። ዩ.ኤስ.ቢ. ቪዲዮ ክላስ የሚባል ስምምነት ከ2003 ጀምሮ ስላለ፥ የማንም ፋብሪካ ካሜራ በማንም ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካ ያለ ሌላ ፕሮግራም ይታወቃል። የቀረው የመትከያው መልክ ነው፤ እሱ በየፋብሪካው ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት ከ2025 ሰኔ ወር ጀምሮ የሚሠራው ሕግ የስልክና የታብሌት ፋብሪካዎች የፊት ካሜራን ጭምር መለወጫ ዕቃ ሽያጩ ካቆመ በኋላ ለሰባት ዓመት ለጠጋኞች እንዲያቀርቡ ያዛል። ላፕቶፕ ግን በዚህ ሕግ ውስጥ አልገባም፤ ለምን እንደ ተለየ ለእኛ አልገባንም።

እስከዚያው ድረስ አዲስ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ሻጩን «ካሜራው ቢበላሽ ለብቻው ይወጣልን? ኤሌክትሪኩን የሚቈርጥ ማጥፊያ አለውን?» ብሎ ይጠይቅ። ለልጆች የሚኾን ከኾነ በውስጡ ያለውን ካሜራ አዋቂ ሰው እንዲያዘጋው አድርጎ፥ በገመድ የሚሰካ ካሜራ ለብቻው ይግዛ፤ ማታም ከልጁ ክፍል አውጥቶ ያሳድረው።

በዚያም ቤት ያደረጉት ይህንኑ ነው። ክዳኑን ማስለወጥ ትተው በጥቂት ገንዘብ በገመድ የሚሰካ ካሜራ ገዙ። ሽማግሌው ከመነጽራቸው ጋራ በአንድ ሣጥን ያኖሩታል፤ እሑድ ማታ ሲኾን ራሳቸው አውጥተው ይሰኩታል፥ ማንም እንዲነካባቸው አይወዱም። ባለፈው እሑድ እኛም በቤቱ ነበርን። ልጂቱ፦ «አባባ፥ እስቲ የተከሉትን ኮክ ያሳዩኝ» አለቻቸው። እሳቸውም ካሜራውን ከስክሪኑ ራስ ላይ አንሥተው፥ ገመዱ እስከሚደርስ በመስኮቱ በኩል ወደ ግቢው አዞሩላት።