ብሪጁን ከማንሳታችን በፊት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የሀገራችን ሰው። የዲፓርትመንታችን ኤሌክትሪክ ጊታሮች ግን በሽታቸውን ደብቀው አያውቁም፤ ዝዝዝ እያሉ ይናገራሉ። ችግሩ እኛ ሰሚዎቹ ጋ ነው። ጊታር ዝዝ ባለ ቁጥር የሁላችንም መድኃኒት አንድ ናት፦ «ብሪጁን ከፍ አድርገው!» በእኔ እምነት ይህ ልማድ መሣሪያዎቻችንን እየጎዳ ስለሆነ ልንተወው ይገባል።

ምን ክፋት አለው ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ክሩ ከፍ ሲል ዝዝታው ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ነገር ግን ጣታችን ክሩን ፍሬቱ ላይ ለማድረስ ብዙ ስለሚገፋው ክሩ ይወጠራል፤ ድምፁም ከሚገባው በላይ ይቀጥናል። ባዶ ክሮቹ በትክክል ተቃኝተው ሳለ ኮርዱ ጆሮ የሚጎረብጠው አንዳንዴ በዚህ የተነሳ ነው። ጀማሪው ተማሪ ደግሞ ጣቱ ሲቆስል «ጊታር አይሆነኝም» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ የመሣሪያው ሆኖ ሳለ ልጁ ራሱን ይወቅሳል።

በመጀመሪያ ዝዝታ ሁሉ በሽታ አይደለም። በገናን ተመልከቱ፤ ያ የሚያምር ዝዝታ የሚመጣው ክሩና ድልድዩ መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይም ፒክአፑ የሚሰማው የክሩን እንቅስቃሴ እንጂ በክፍሉ አየር የሚሄደውን ድምፅ አይደለም። ስለዚህ አምፕሊፋየር ላይ ሰክታችሁ አድምጡ። እዚያ ካልተሰማና ኖታው ቶሎ ካልሞተ፣ ጊታሩን ተዉት።

ከተሰማ ግን ጥያቄው «የት ነው?» የሚለው ነው። ባዶው ክር ብቻ ዝዝ ካለና ሲያዝ ከጠፋ፣ ነቱ ላይ ያለው ቦይ ጠልቋል ማለት ነው፤ ብሪጁን ማንሳት ብዙም አይፈይድም። ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ፍሬት አካባቢ ከሆነ አንገቱን ጠርጥሩ። ከአሥራ ሁለተኛው ወዲያ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ብሪጁ ላይ ያሉትን ሳድሎች ማንሳት ተገቢ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከምትይዙት ፍሬት ቀጥሎ ያለው ከፍ ብሏል፣ ወይም የያዛችሁት ተበልቷል። የትም ብትይዙ ካልተለወጠ የላላ ብሎን ፈልጉ።

ስለ አንገቱ ትንሽ ልጨምር፤ ብዙ የምንስተው እዚህ ላይ ነው። አንገት እንጨት ነው፤ በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ ክሮቹም ሳያቋርጡ ይጎትቱታል። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1950 መጀመሪያ ያወጣቸው ኤስኳየር ጊታሮች በአንገታቸው ውስጥ ትረስ ሮድ የምንለው የብረት ዘንግ አልነበራቸውም፤ አንገቱ ሲጎብጥ ኩባንያው በዚያው ዓመት ዘንጉን ጨመረ። እኛም ከ0.010 ወደ 0.009 ኢንች ክር ስንቀይር ጉተታው ይቀንስና አንገቱ ቀጥ ይላል፤ ዝዝታውም ይጀምራል። ታዲያ ክር የቀየረ ሰው ብሪጁን ምን አደረገው?

መለኪያው ቀላል ነው። ክሩን አንደኛውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ያዙት፤ ስምንተኛው ፍሬት ላይ ሩብ ሚሊሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት። የጋራዥ ሰዎች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች ለዚህ ይበቃሉ። ክፍተት ከሌለ ዘንጉን ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ ሩብ ዙር አላልተው፣ ቃኝተው፣ እንደገና መለካት ነው። ከጠነከረ አታስገድዱት። በብዙ ፌንደር መሰል ጊታሮች ላይ አሥራ ሰባተኛው ፍሬት ጋ የክሩ ከፍታ 1.6 ሚሊሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። ፍሬት መሞረድ ግን የመጨረሻው መጨረሻ ይሁን! ያላላነውን መልሰን እናጠብቃለን፤ የሞረድነውን ብረት ማን ይመልሰዋል?

አንዳንድ ጓደኞቼ «እኛ ሙዚቀኞች እንጂ ቴክኒሻኖች አይደለንም» ይላሉ። እሺ፣ ክራር ደርዳሪው ክሩን ራሱ አይደለም እንዴ የሚያስረው? ማሲንቆ መቺውስ የጭራውን ጉዳይ ለማን ይተዋል? መሣሪያን ማወቅ የሙያው ግማሽ ነው።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለጀማሪዎች በመጀመሪያው ሴሚስተር የአንድ ሰዓት የተግባር ትምህርት ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ጊታር አንድ ደብተር ይኑረው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደነካ፣ ስንት ዙር እንዳዞረ ይጻፍበት። አሁን እያንዳንዳችን ያለፈው ተማሪ ያደረገውን ሳናውቅ በላዩ ላይ እንጨምርበታለን። ጊታሮቹ የሚቀጥሉት ተማሪዎችም ናቸውና ዛሬ ቁልፍ የምናነሳ ሁሉ መጀመሪያ እናድምጥ፣ ቀጥሎ እንለካ።

ቸር እንሰንብት።