ቡናን መከልከል ወይስ ሰዓቱን መለየት? ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚሰጠው ምክር

ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ በሚሰጠው የጽሑፍ መመሪያ ውስጥ፣ ካፌይን ስላለባቸው መጠጦች የሚናገረው ክፍል ብዙውን ጊዜ ከአንድ መስመር አያልፍም። አንዱ የሕክምና ቡድን ቡና ለጥቂት ሳምንታት እንዲቆም፣ ሌላው ለወራት እንዲቀር፣ ሌላው ደግሞ ካፌይኑ በወጣለት ቡና እንዲተካ ያዛል። የትእዛዙ ምክንያት ግን እምብዛም አይብራራም።

ይህች አንዲት መስመር በሁሉም ታካሚ ላይ እኩል አትከብድም። በዋሽንግተንና በአካባቢው፣ በእስራኤል ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች እየኖረ ይህን ቀዶ ሕክምና ለሚያደርግ ኢትዮጵያዊ፣ ቡና ለመነቃቃት ብቻ የሚጠጣ አይደለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ በሦስት ዙር የሚቀዳ፣ ጎረቤት የሚጠራበት፣ ሐዘንተኛ የሚጽናናበት፣ ወሬና ምክር የሚለዋወጡበት ሥርዓት ነው። «ቡና ይተዉ» የተባለች እናት ከመጠጡ ብቻ ሳይሆን ከቡናው ማኅበርም እንድትለይ የተነገራት ያህል ነው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሊከበር የሚችለው በቂ ምክንያት ሲኖረው፣ ምክንያቱም ለታካሚው ሲገለጽ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው። አጠቃላዩ ክልከላ አራት የተለያዩ ስጋቶችን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ያቀርባል። ከአራቱ ይበልጥ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ቡና የብረት ምጠትን መቀነሱ ነው። ይህም ጉዳት የሚመጣው ከካፌይኑ ሳይሆን በቡናው ውስጥ ካሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ሲሆን፣ መጠኑን የሚወስነውም በአብዛኛው ቡናው የሚጠጣበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ባለሙያው ሊነጋገርበት የሚገባው ዋና ጉዳይ የቡናው ሰዓት እንጂ የቡናው መኖርና አለመኖር አይደለም።

ቀዶ ሕክምናው የሚለውጠው

በስፋት ከሚሠሩት ዘዴዎች አንዱ ስሊቭ ጋስትሬክቶሚ ነው። በዚህ ዘዴ ከጨጓራ ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረውም እንደ እጅጌ የጠበበ ቱቦ ነው። ሁለተኛው ጋስትሪክ ባይፓስ ሲሆን፣ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ትንሽ የጨጓራ ከረጢት ተለይታ ከትንሹ አንጀት ዝቅተኛ ክፍል ጋር በቀጥታ ትገናኛለች። ምግብ አብዛኛውን ጨጓራ፣ ዱዮዲነም የሚባለውን የትንሹ አንጀት መነሻና የጀጁነምን የመጀመሪያ ክፍል ሳይነካ ያልፋል።

ከቡና ጋር በተያያዘ ከዚህ ሦስት ውጤቶች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ፈሳሽ በጨጓራ ሳይቆይ ወደ ትንሹ አንጀት ይደርሳል። ሁለተኛ፣ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ለማሟሟት የሚያስፈልገው የጨጓራ አሲድ ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ በባይፓስ ጊዜ ብረት በዋናነት የሚመጠጥበት ዱዮዲነም ከምግብ መንገድ ይወጣል። የአሜሪካ የሜታቦሊክና የባሪያትሪክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ሁለቱን ዘዴዎች ያለፉ ታካሚዎችና የወር አበባ የሚያዩ ሴቶች በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት እንዲወስዱ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

አራቱ ስጋቶች

የመጀመሪያው ስጋት የሰውነት ድርቀት ነው። ታካሚው በቀን 1.5 ሊትር ያህል ፈሳሽ በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት ስለሚኖርበት፣ ካፌይን ሽንት አብዝቶ ያደርቀዋል ተብሎ ይፈራል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ቡና መጠጣት በለመዱ 50 ወንዶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በቀን አራት ጊዜ 200 ሚሊ ሊትር ቡና በጠጡበትና ተመሳሳይ መጠን ውሃ በጠጡበት ወቅት መካከል በሰውነት ፈሳሽ ሚዛን ላይ የጎላ ልዩነት አልታየም። ጥናቱ የተካሄደው ቀዶ ሕክምና ባላደረጉ ጤነኞች ላይ ቢሆንም፣ «ቡና ያደርቃል» የሚለው አባባል እንደ ማያከራክር እውነት ሊቀርብ እንደማይገባ ያሳያል። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው፤ ጠባብ የሆነችውን ጨጓራ ቡና ከያዛት ለውሃ የሚተርፍ ቦታ አይኖርም።

ሁለተኛው ስጋት ቃርና ቁስለት ነው። ቡና የጨጓራን አሲድ ያበዛል፤ ቃርም በተለይ ከስሊቭ በኋላ የተለመደ ችግር ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ ጥናት ካፌይኑ የወጣለት ቡና ጭምር ከንጹሕ ካፌይን የበለጠ አሲድ እንዲመነጭ ማድረጉ ታይቷል። ስለዚህ ቃር ላለበት ሰው መጠጡን በካፌይን አልባ ቡና መለወጥ መፍትሔ ላይሆን ይችላል። ከባይፓስ በኋላ በመገጣጠሚያው ላይ ለሚወጣው ቁስለት ደግሞ በሚገባ የታወቁት መንስኤዎች ሲጋራ ማጨስ፣ እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችና ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ናቸው።

ሦስተኛው ስጋት ካፌይን በራሱ የሚያደርሰው የልብ ምት መፍጠን፣ የእንቅልፍ ማጣትና መረበሽ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ለጤነኛ አዋቂዎች በቀን እስከ 400፣ በአንድ ጊዜ እስከ 200 ሚሊ ግራም፣ ለነፍሰ ጡሮች ደግሞ በቀን እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን የደኅንነት ስጋት እንደማያስከትል ገልጿል። ፈሳሽ በፍጥነት ወደ አንጀት ለሚደርስበት ታካሚ፣ ሦስቱን ዙር በአንድ መቀመጫ ከመጠጣት ይልቅ በአቦል ማቆም ተገቢ ጥንቃቄ ነው። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ሰውነት ካፌይንን የሚያስወግደው ዘግይቶ መሆኑም ሊታሰብበት ይገባል።

አራተኛውና ዋናው ስጋት የብረት እጥረት ነው።

ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ?

እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ ጥናት ከሃምበርገር ምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ኩባያ ቡና የብረትን ምጠት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የቡናው ውፍረት ሲጨምር የሚመጠጠው ብረት ይበልጥ ቀንሷል። ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉም የሚጠቅመው ግን የሰዓቱ ውጤት ነው። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ምጠቱን አልቀነሰም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር የተጠጣውን ያህል ቀንሷል።

ብረትን የሚይዙት እንደ ክሎሮጀኒክ አሲድ ያሉ ፖሊፌኖሎች ናቸው። እነዚህም ካፌይኑ በወጣለት ቡና ውስጥ አሉ። «ካፌይን አልባውን ይጠጡ» የሚለው ምክር እንግዲህ ታካሚውን ከዋናው ስጋት አያድነውም፤ ይልቁንም እንደ ልቡ እንዲጠጣ በማበረታታት ሊጎዳው ይችላል።

ከኢትዮጵያውያን ልማድ አንጻር ይህ ግኝት ከባድ ትርጉም አለው። የጀበና ቡና በአብዛኛው የሚከተለው ምግብን ነው፤ ምሳ ተበልቶ ማዕድ ሲነሣ ረከቦቱ ይቀርባል። በጾም ወቅት ደግሞ ችግሩ ይደራረባል። የእንስሳት ተዋጽኦ ስለማይበላ ብረቱ በሙሉ የሚገኘው ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት ነው፤ ቡና በእጅጉ የሚያግደውም ይህንኑ ዓይነት ብረት ነው። ጾሙ እስኪፈታ ቡናም ስለሚዘገይ፣ የቀኑ የመጀመሪያ ምግብና የቀኑ የመጀመሪያ ቡና ተከታትለው ይመጣሉ። በዓመት 180 ቀን ያህልና ከዚያም በላይ ለሚጾም ምእመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጠዋት ብረት ያለበትን የቫይታሚን እንክብል በቡና ማወራረድም የዚያኑ ያህል ይጎዳል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው አዙሪት በቀላሉ ሊገመት ይችላል። ብረት ያነሰው ሰው ይደክመዋል፤ ድካሙን ለማራቅ ቡና ይጨምራል፤ ከምግብ በኋላ የጨመረው ቡና ደግሞ የብረቱን እጥረት ያባብሳል። ሐኪሙ የፌሪቲን መጠን መውረዱን አይቶ የእንክብሉን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ እንክብሉ ከምን ጋር እንደሚዋጥ ግን ላይጠይቅ ይችላል።

ክልከላን የሚደግፈው ክርክር

ለአጠቃላዩ ክልከላ የሚቀርቡ ምክንያቶች በቀላሉ የሚጣሉ አይደሉም። ቀላል ትእዛዝ ለማስታወስ ይመቻል፤ በሥራ የተጨናነቀ ክሊኒክም ለእያንዳንዱ ታካሚ የቡና መርሐ ግብር ለማውጣት ጊዜ ያጥረዋል። ቁስሉ ገና ባልጠገገባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ጨጓራን ከማስቆጣት መቆጠብም ምክንያታዊ ነው። ለዚህ ጊዜ ክልከላው ይገባል።

ይሁን እንጂ ክልከላው ራሱ ከጉዳት ነጻ አይደለም። ቡና አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት ሊጀምረው፣ ምልክቱም ከ2 እስከ 9 ቀን ሊቆይበት ይችላል። ቡና ያቆመው በቀዶ ሕክምናው ዕለት ከሆነ ራስ ምታቱ ከሕመሙ ጋር ይደረብበታል። ምክንያቱ ያልተነገረው ታካሚ ቤቱ ውስጥ የሚያገኘውን አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ቢውጥ፣ ከቡና ይልቅ በእርግጠኝነት የቁስለት መንስኤ የሆነውን ነገር ወሰደ ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ምክንያቱ ያልተብራራ ክልከላ በክሊኒኩ ውስጥ በዝምታ ተቀባይነት አግኝቶ በቤት ውስጥ በዝምታ ይሻራል። «እርም በልቻለሁ» ብሎ የሚያፍር ታካሚ ስንት ሲኒ እንደሚጠጣ ለሐኪሙ አይናገርም። እንዲህ ሲሆን ባለሙያው የሚያጣው መታዘዙን ብቻ አይደለም፤ ለሕክምናው የሚያስፈልገውን እውነተኛ መረጃም ያጣል።

ምክሩ ምን ይምሰል?

የተሻለው ምክር የሚጀምረው ከቀዶ ሕክምናው በፊት በጥያቄ ነው፦ በቀን ስንት ጊዜ ይፈላል? ስንት ሲኒ ይጠጣል? ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ? በስኳር ወይስ ያለ ስኳር? ምን ቡና ቁርስ ይቀርባል? መልሱ ሲታወቅ ታካሚው ከቀጠሮው ሁለት ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ሲኒውን ቀስ በቀስ እንዲቀንስ ማድረግ ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልፈው የሕክምና ቡድኑ ሲፈቅድ፣ መመሪያው በጥቂት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። ቡናው ከምግብ በኋላ ከመሆን ይልቅ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ይሁን። የብረት እንክብል በቡናም ሆነ በሻይ አይወራረድ፤ ለምሳሌ ምሽት ላይ፣ ከቡናው ርቆ ይወሰድ። ብረትና ካልሲየም ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይራራቁ። ስኳር የበዛበት ቡና በተለይ ከባይፓስ በኋላ ማቅለሽለሽ፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን ሊያስከትል ስለሚችል ይቅር። ከቡናው ጋር ቆሎና ፈንዲሻ አይቆርጠም፤ መብላትና መጠጣትን መለየት ቡናንም ይመለከታልና። ቃር፣ ቁስለት ወይም የልብ ምት መዛባት ላለበትና ለነፍሰ ጡር ግን ውሳኔው በተናጠል ይሰጥ።

እነዚህ ነጥቦች ከአንድ ገጽ አይበልጡም፤ በአማርኛ ተጽፈው ሊሰጡም ይችላሉ። ሥርዓቱንም አያፈርሱም። አቦልን ጠጥታ ቶናውንና በረካውን በውሃ የምታሳልፍ ሴት ከማኅበሩ አልተለየችም።

ለተመራማሪዎችና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው። የ1983ቱ ጥናት የተካሄደው ጨጓራቸው ባልተነካ ሰዎች ላይ ነው፤ የአንድ ሰዓቱ ልዩነት ባይፓስ ባደረገ ሰው ላይ በዚያው ልክ መሥራቱ በሙከራ መፈተሽ አለበት። በአቦል፣ በቶናና በበረካ ውስጥ ያለው የካፌይንና የፖሊፌኖል መጠንም ለየብቻ ሊለካ ይገባል፤ ተራ ላቦራቶሪ የሚበቃው፣ ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚመጥን ሥራ ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን በእጅ ያለው ማስረጃ አንድ ነገር ለመወሰን ይበቃል፦ ታካሚው ከክሊኒኩ ሲወጣ የቡናውንና የእንክብሉን ሰዓት ለይቶ የሚያሳይ ወረቀት በእጁ ሊኖር ይገባል።