የሽንኩርት ኪሳራ የሚጀምረው ከችግኝ መደቡ ነው

ክረምት ነው። የፎገራ ሜዳ በሩዝ ተሸፍኗል፤ ርብና ጉማራ ሞልተዋል። በዚህ ወቅት ስለ ሽንኩርት ዋጋ የሚያወራ ሰው ብዙም አይገኝም። ወሬው የሚነሳው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ሽንኩርቱ ተነቅሎ በየመንገዱ ዳር ሲከመርና «ዛሬ ስንት ገባ?» መባባል ሲመጣ ነው። ዋጋው የወረደ ዕለት አርሶ አደሩ ደላላውን ይወቅሳል፤ ደላላው ነጋዴውን፣ ነጋዴው መንገዱንና የነዳጁን ዋጋ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ደግሞ ገበያውን ይወቅሳል። ሁሉም ወቀሳ የየራሱ እውነት አለው። ነገር ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ መጋቢት ላይ የሚታየው ኪሳራ በአመዛኙ የሚወሰነው ጥቅምት ላይ፣ ዘሩ መደብ ላይ ሲዘራ ነው። ስለ ሽንኩርት ገበያ መነጋገር የሚገባውም ከዚያ በፊት፣ አሁን ነው።

ሜዳው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ሲሆን በክረምት ውኃ ስለሚተኛበት ከሩዝ በቀር ብዙ ሰብል አይችለውም። በእነዚህ ወራት የቤተሰቡ አትክልት ከማሳ ወደ ጓሮ ይሰበሰባል። ከፍ ባለው መሬት ላይ ጎመኑ፣ ዱባው፣ ቃሪያው፣ ለእሸት የሚሆነው በቆሎ ይታያል። ይህ በአብዛኛው ለድስት እንጂ ለገበያ አይደለም፤ የአምናው እህል በሚሟጠጥበት በነሐሴ ግን የብዙውን ቤት ጉድለት የሚሸፍነው እሱ ነው።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሩዙ ሲታጨድ መሬቱ ገና እርጥበት እንደያዘ ነው። ያን ጊዜ የውኃ መሳቢያ ሞተሩ ይወጣል፤ ቦይ ይቀደዳል፤ የሩዙ ማሳ የቀይ ሽንኩርት፣ የቲማቲምና የቃሪያ ማሳ ይሆናል። ክረምቱ የእንጀራ፣ በጋው የብር ነው ቢባል ያስኬዳል። የልጆች ደብተርና ልብስ፣ የቤት ቆርቆሮ፣ የሠርግና የተዝካር ወጪ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሁሉም የሚጠብቁት የበጋውን አትክልት ነው።

ይህ ብር በምን ያህል ድካም እንደሚመጣ ማስላት አይከብድም። የግብርና ባለሙያዎች በሚመክሩት አተካከል በቦይ በኩል 40፣ በመስመሮች መካከል 20፣ በችግኞች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። በዚህ ስሌት አንድ ካሬ ሜትር 33 ችግኝ ይይዛል፤ ሩብ ሄክታር ደግሞ ከ80 ሺህ በላይ ችግኝ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ችግኝ ከመደቡ በእጅ ይነቀላል፤ ወገብ ጎንብሶም በእጅ ይተከላል። በዚህ ሥራ ላይ እናቶችና ልጃገረዶች ግንባር ቀደም ናቸው። ቅዳሜና ከትምህርት መልስ ተማሪዎች ይጨመራሉ፤ ሥራው ሲበዛ ወንፈል ይጠራል፤ ያልበቃው በቀን ሠራተኛ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ኩትኳቶው፣ አረሙ፣ የተባይ ርጭቱ አለ። የውኃ ተራ ሌሊት የደረሰው አባወራ ሌሊቱን ከቦዩ ጋር ያድራል፤ ምርቱ ሲደርስ ደግሞ ማሳው ዳር ጎጆ ቀልሶ ጥበቃ ይጀምራል።

እንበልና ከችግኞቹ 75 ሺህ ያህሉ ጸድቀው እያንዳንዱ በአማካይ 80 ግራም ቢመዝን፣ ቤተሰቡ ከሩብ ሄክታር 60 ኩንታል ያገኛል። በዚህ ምርት ላይ ዋጋው በኪሎ 5 ብር ብቻ ቢቀንስ 30 ሺህ ብር ከቤቱ ወጣ ማለት ነው። ዘሩ፣ ነዳጁ፣ የጸረ ተባይ መድኃኒቱና የቀን ሠራተኛው ክፍያ ግን ቀድሞ ወጥቷል፤ ገበያው ስለወረደ የሚመለስ ነገር የለም። ዋጋው ከመንቀያና ከመጫኛ ወጪ በታች ሲሆን ደግሞ ሽንኩርቱን ማሳ ላይ ትቶ በሬ ማስገባት ይመጣል። ያን ዕለት የሚታረሰው ሽንኩርቱ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ የስድስት ወር ድካም ነው።

«ታዲያ አርሶ አደሩ ለምን ሁሉም በአንድ ሳምንት ይተክላል?» የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይነሳል። ብዙ ጊዜ መልሱ «የግንዛቤ ችግር ነው» የሚል ይሆናል። ይህ መልስ አርሶ አደሩን ያሳንሰዋል። አብሮ የሚተክለው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። አንደኛ፣ ሩዙ በተቀራረበ ጊዜ ስለሚታጨድ መሬቱ የሚለቀቀው በአንድ ሰሞን ነው። ሁለተኛ፣ ሞተር የሌለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተዳብሎ ስለሚያጠጣ የጎረቤቱን ቀን መጠበቅ ግዴታው ነው። ሦስተኛውና ዋናው ልቅ ግጦሽ ነው። ሩዝ ከታጨደ በኋላ ከብቱ ወደ ሜዳው ይለቀቃል። ሁሉም በተከለበት ሰሞን ሁሉም ከብቱን ይጠብቃል፤ ለብቻው ዘግይቶ የተከለ ሰው ግን ችግኙን ለከብት ቀለብ አደረገ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ብልህ አርሶ አደር ብቻውን ወጥቶ የተለየ ቀን ሊመርጥ አይችልም። ቀኑን ማከፋፈል የሚቻለው ጎጡና ቀበሌው ተስማምተው ሲያደርጉት ብቻ ነው። የወረዳው ሥራም እዚህ ላይ ነው።

አብሮ ከመትከሉ ሌላ አንድ የተዘነጋ ነገር አለ፤ የገበያው ቀን ራሱ በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል። የሽንኩርት ፍላጎት የሚጨምረው በዐቢይ ጾም የሽሮና የምስር ወጥ በየቤቱ ሲሠራ፣ ከዚያም ለትንሣኤ የዶሮው ሽንኩርት ሲከተፍ ነው። ትንሣኤ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል። በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ሚያዝያ 4 ቀን ዋለ። በመጪው 2019 ሚያዝያ 24 ቀን ይውላል፤ ከዘንድሮው በ20 ቀን ይዘገያል ማለት ነው። በዘንድሮው ቀን የዘራ ሰው በመጪው ዓመት ለበዓሉ ያሰበው ሽንኩርት በ20 ቀን ቀድሞ ይደርስበታል። ባሕረ ሐሳቡን የሚያውቅ ካህን በየደብሩ አለ፤ የቀን መቁጠሪያም በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ይህን መረጃ ከዘር ቀን ጋር አያይዞ ለአርሶ አደሩ የሚያደርስ አካል ግን አይታይም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሽንኩርት መደብ ላይ 50 ቀን ያህል ይቆያል፤ ከተተከለ በኋላ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ 100 ቀን ገደማ ይፈልጋል። መስከረም 20 የተዘራ መደብ ኅዳር 10 ይተከላል፤ የካቲት 20 አካባቢ ይደርሳል። በ2019 ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 29 ስለሆነ ይህ ሽንኩርት የጾሙን መግቢያ ያገኛል። ጥቅምት 15 የተዘራው ታኅሣሥ 5 ተተክሎ መጋቢት 15 ገደማ፣ በጾሙ መካከል ይደርሳል። ኅዳር 5 የተዘራው ታኅሣሥ 25 ተተክሎ ሚያዝያ 5 አካባቢ ስለሚነሳ፣ ደርቆና ተለቅሞ ለትንሣኤ ገበያ ይበቃል። ያው ሜዳ፣ ያው ምርት ሦስት ቦታ ተከፍሎ ወደ ገበያ ይገባል።

ለዚህ ደግሞ ማን የትኛውን ተራ እንደሚይዝ መሬቱ ራሱ ይጠቁማል። ከፍ ያለና ውኃ ቶሎ የሚሸሽለት፣ ሩዙም ቀድሞ የሚታጨድ መሬት የመጀመሪያውን ተራ ይይዛል። የእነዚህ አርሶ አደሮች መደብ ዝናቡ ሳያባራ ስለሚዘራ ከፍ ተደርጎ መሠራትና በሣር መሸፈን አለበት፤ አለዚያ ችግኙ ይበሰብሳል። መካከለኛው ሜዳ ሁለተኛውን ተራ ይወስዳል። ሦስተኛው ተራ ግን ለሁሉም አይሆንም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ወንዙ ስለሚቀንስ ዘግይቶ መትከል የሚገባው አስተማማኝ የእጅ ጉድጓድ ያለው ወይም ወንዙ አጠገቡ የሆነ ሰው ነው። የውኃ ተራውን የውኃ አባቶች፣ የከብቱን ጉዳይ የጎጡ ሽማግሌዎች፣ የመደቡን ቀን የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይዘው አንድ ላይ ቢቀመጡ ሥራው ከአንድ ሰንበቴ ምክክር ብዙም አያልፍም። ሽማግሌ ተቀምጦ ያሰረውን ውል ደግሞ ገበሬ ያከብረዋል።

ከቀኑ ቀጥሎ የሚመጣው የማቆየት ጉዳይ ነው። ነጋዴ የሚበረታው አርሶ አደሩ ዛሬውኑ መሸጥ እንዳለበት ሲያውቅ ነው። ሽንኩርት ከቲማቲም የሚለየው መጠበቅ መቻሉ ላይ ነው፤ ግን ሊጠብቅ የሚችለው አያያዙ ከማሳው ሲጀምር ብቻ ነው። የሚበዛው ቅጠል አንገቱ ላይ ሲወድቅ ደርሷል ማለት ነው፤ ውኃው ከዚያ ቀደም ብሎ መቋረጥ አለበት። ኪሎ እንዲያነሳ ተብሎ እስከ መጨረሻው ቀን የሚጠጣ፣ ዩሪያም ዘግይቶ የሚጨመርለት ሽንኩርት አንገቱ ወፍሮ አይደርቅም፤ ከረጢት ውስጥ ገብቶም ይበሰብሳል። የተነቀለው በጥላና በነፋስ ደርቆ፣ አንገቱ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ተትቶለት ሲቆረጥ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ በስሱ ሲሰጣ ለሳምንታት ይቆያል። ቆጡ ሲሚንቶ አይጠይቅም፤ ባሕር ዛፍ፣ ቀርከሃና የሣር ክዳን ይበቁታል። ዋናው ነገር ነፋስ እንደ ልብ ማለፉ ነው። 60 ኩንታሉን በሙሉ ማቆየት የማይችል ቤተሰብ 20ውን ቢያቆይ እንኳ ዕዳውን በ40ው ከፍሎ በቀሪው ዋጋ መደራደር ይችላል።

ቲማቲም ይህ ዕድል የለውም። አንዴ መቅላት ከጀመረ በየጥቂት ቀኑ መለቀም አለበት፤ መኪና ካልመጣ ሳጥኑ ውስጥ ይፈሳል። ስለዚህ ለቲማቲም መፍትሔው ማከማቻ ሳይሆን መሬቱን ከፋፍሎ በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መትከል ነው። በአንድ ቀን ሩብ ሄክታር ቲማቲም የሚተክል ቤተሰብ ንብረቱን ሁሉ በአንድ የገበያ ቀን ላይ አስቀመጠ ማለት ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። የመጀመሪያው «ገበያ ነጻ ነው፤ አርሶ አደሩን መቼ ዝራ ብሎ ማዘዝ አይቻልም» የሚል ነው። ትክክል ነው፤ ትዕዛዝ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አርሶ አደሩ ከመዝራቱ በፊት ጎረቤት ቀበሌ ምን ያህል መደብ እንዳዘጋጀ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። አሁን ይህን የሚያውቀው ነጋዴው ብቻ ነው፤ ስልክ ደውሎ ያጣራል። ሁለተኛው «የስምጥ ሸለቆው ሽንኩርት በዚያው ሰሞን ከገባ የእኛ ማከፋፈል ምን ይፈይዳል?» የሚል ነው። እውነትም ተራ መያዝ ዋጋን አያረጋግጥም፤ መንገድ ሲቋረጥም የማንም ሽንኩርት አይሄድም። ግን ምርቱ በሙሉ በአንድ ሳምንት ሲወጣ የሚመጣውን ድንገተኛ ውድቀት ያለዝባል። የአንዱ ተራ ገበያ ቢበላሽ እንኳ ሁሉም ቤት በአንድ ቀን አይከስርም። የከሰረ ከጎረቤቱ የሚበደረው ጎረቤቱ ሳይከስር ሲቀር ነው።

የወረዳ ሪፖርት ደግሞ ሊታሰብበት ይገባል። በየዓመቱ የሚቀርበው ሪፖርት በበጋ መስኖ የለማውን ሄክታርና ይገኛል የተባለውን ኩንታል ይዘረዝራል። ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ጭብጨባው ይደምቃል። ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ለከብት በተለቀቀበት ዓመት እንኳ ሄክታሩም ኩንታሉም «ዕቅዱ ተሳክቷል» በሚለው ዓምድ ሥር ይቀመጣል። ሁለት ዓምድ ቢጨመርበት ብዙ ነገር ይገለጣል፤ መደቡ በየትኛው ሳምንት ተዘራ? ምርቱስ በየትኛው ሳምንት፣ በስንት ተሸጠ? እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ለሦስት ዓመት የያዘ ቀበሌ የራሱን ገበያ ከማንም ደላላ በተሻለ ያውቃል።

ጊዜው ሩቅ አይደለም። የመጀመሪያው ተራ መደብ መስከረም 20 የሚዘራ ከሆነ ዘሩ ከአሁኑ መፈለግ አለበት፤ የሽንኩርት ዘር ከአንድ ዓመት በላይ ሲቆይ የመብቀል ኃይሉ ስለሚደክም የአምናውን አምኖ መግባት አይቻልም። ከአዲስ ዓመት በፊት በየቀበሌው አንድ ቀን ተቀምጦ ሦስት ነገር መወሰን ይቻላል፦ የትኛው ጎጥ የትኛውን ተራ ይይዛል? የዘገየው ተራ ሰብል እስኪነሳ ከብቱ የት ይውላል? ስንት ቤተሰብ ቆጥ ይሠራል? ይህን ለመወሰን በጀት አያስፈልግም። እስከ መጋቢት የተጠበቀ እንደሆነ ግን ወጪውን የሚከፍለው ችግኙን አንድ በአንድ የተከለው ቤተሰብ ነው።